«እዚያ» የሚለው ቃል፤ የገብረ ክርስቶስ ደስታ የኮሎኝ ትምህርትና የኋላ ሥራው

በዘመናዊ የአማርኛ ግጥም ኮርስ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ላይ በደረስን ቁጥር ከተማሪዎች አንድ ጥያቄ ይነሣል። ቃሉ ከዓመት ዓመት ይለዋወጥ እንጂ ፍሬ ነገሩ አንድ ነው። «ግጥሙ የእኛ ነው፣ ሥዕሉ የፈረንጅ ነው፤ ሁለቱ እንዴት ከአንድ ሰው ይወጣሉ?» ይላሉ። አንዲት ተማሪ ነገሩን ጠንከር አድርጋ፣ ጀርመን አገር ባይሄድ ኖሮ ሥዕሉም እንደ ግጥሙ ይገባን ነበር ስትል በፈተና ወረቀቷ ላይ ጽፋለች። ማርኩን የሰጠኋት ለአማርኛዋ ጥራትና ለአቋሟ ግልጽነት ነው፤ በሐሳቧ ግን ዛሬም አልስማማም። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ የገፋፋኝም ያ ወረቀት ነው።

ስለ ገብረ ክርስቶስ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ለሁለት የተከፈለ ነው። የሥነ ሥዕል ሰዎች ስለ ረቂቅ ሥዕሎቹ በስፋት ጽፈው ግጥሙን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል፤ እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ደግሞ «ሠዓሊም ነበር» ብለን ወደ ስንኙ እንቸኩላለን። እዚህ ላይ ለማሳየት የምሞክረው የኮሎኝ ትምህርቱ ሥዕሉንም ግጥሙንም እኩል የነካ መሆኑን፣ በተለይም ለግጥሙ አንድ ነገርን ከርቀት ማየትን የሰጠው መሆኑን ነው። (ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካልተጨመረባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ገብረ ክርስቶስ የተወለደው በ1932 በሐረር ከተማ ነው። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ፣ የቁም ጽሕፈት ባለሙያና የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ሰው ነበሩ። ይህን የሕይወት ታሪክ ማሟያ አድርገን ብቻ ልናልፈው አይገባም። በብራና ቤት ያደገ ልጅ ፊደልን ከማንበቡ በፊት የሚያየው እንደ ሥዕል ነው፤ ብዕሩ ከመቃ ሲቀረጽ፣ ጥቁሩና ቀዩ ቀለም ለየብቻ ሲዘጋጅ፣ የአምላክና የእመቤታችን ስም ሲደርስ እጁ ወደ ቀዩ ሲዞር ያያል። በዚያ ገጽ ላይ ቀይ ቀለም ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ትርጉም አለው። ጽሕፈትና ሥዕልም የሁለት ባለሙያ ሥራ መሆናቸው የግድ አይደለም፤ ባንድ ገጽ፣ አንዳንዴም ባንድ እጅ የሚሠሩ ናቸው። ሐረር ደግሞ የቁርኣን እጅ ጽሑፎች በረቀቀ አጻጻፍ የሚዘጋጁባት ከተማም ነበረች። በአንዲት በግንብ በታጠረች ከተማ ሁለት የጽሕፈት ጥበቦች ጎን ለጎን ይኖሩ እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል።

ከሐረር በኋላ ያለው የትምህርት ጉዞው በጊዜው ለነበረ ጎበዝ ተማሪ የተለመደው ነው። በአዲስ አበባ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገባ፤ የገባው ግን ወደ ሳይንስ ነው። ትምህርቱን ሳይፈጽም አቋርጦ ወጣ። የዚያ ትውልድ ሠዓሊዎች ታሪክ በዚህ ረገድ እርስ በርሱ ይመሳሰላል፤ አፈወርቅ ተክሌም በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር። አገሪቱ መሐንዲስና የእርሻ ባለሙያ ትፈልግ ነበር፤ ልጆቹ ደግሞ ብሩሽ ይዘው ተገኙ።

ገብረ ክርስቶስ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ በ1957 ወደ ምዕራብ ጀርመን፣ ወደ ኮሎኝ ከተማ ሄደ። ለምን ኮሎኝ እንደሆነ ከመጠየቅ ይልቅ በዚያ ዓመት ኮሎኝ ምን ትመስል እንደነበር መጠየቁ የበለጠ ይጠቅመናል። የከተማይቱ እምብርት በጦርነቱ የቦምብ ድብደባ ፈርሶ ነበር፤ ታላቁ ካቴድራል በፍርስራሽ መካከል ቆሞ ተርፏል። ጦርነቱ ካበቃ ገና አሥራ ሁለት ዓመቱ ስለነበር ያን ጊዜ ጀርመን የገባ ሰው በአንድ በኩል አዲስ ሕንፃ፣ በሌላ በኩል ባዶ ቦታ ያይ ነበር።

ከሕንፃው ፍርስራሽ ሌላ የፈረሰ ነገርም ነበር። ናዚዎች በ1937 በሙኒክ ባዘጋጁት ኤግዚቢሽን የዘመናዊ ሠዓሊዎችን ሥራ «የዘቀጠ ጥበብ» ብለው ለሕዝብ መሳለቂያ አድርገው አሳይተው፣ ብዙውን ከሙዚየም አውጥተው ሸጠውታል ወይም አጥፍተውታል። የኮሎኝ ከተማ ተወላጅ የሆነ ዮሴፍ ሃውብሪሽ የተባለ ጠበቃ ግን እነዚህኑ የተወገዙ ሥዕሎች ሰብስቦ ጦርነቱን አሳልፎ፣ በ1946 ለከተማው ሕዝብ በስጦታ አበረከታቸው። የከተማው ዋና የሥዕል ሙዚየም በአዲስ ሕንፃ የተከፈተውም በ1957 ነው፤ ይኸውም ገብረ ክርስቶስ በገባበት ዓመት መሆኑ ነው። በጀርመን አገር በዚያን ጊዜ ረቂቅ ሥዕል መሣል የቄንጥ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። አምባገነን መንግሥት የሚታወቅ ቅርጽ፣ የጀግና ፊትና ጡንቻ ብቻ ይሣል ብሎ አዝዞ ነበርና፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ የሚታወቅ ቅርጽን በጥርጣሬ ማየቱ አያስደንቅም። «የፈረንጅ ፋሽን ይዞ መጣ» የሚለው ወቀሳ ይህን ይዘነጋል። ገብረ ክርስቶስ የተማረው ብዙ ዋጋ የተከፈለበትን ነገር ነው።

የተማረበት ትምህርት ቤት ደግሞ ሥነ ጥበብን ከእጅ ሙያ የማይለይ ነበር። የኮሎኝ ቬርክሹለን ከቅብ ሥዕል ሌላ የመስተዋት ሥራን፣ የወርቅ አንጥረኝነትን፣ የኅትመት ጥበብን ያስተምር ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ጥበብ ክፍልም ከ1920ዎቹ ጀምሮ ነበረው። አንድን ገጽ ወይም አንድን ግድግዳ በቅድሚያ እንደ ቁስ፣ እንደ መጠንና እንደ ቀለም ስፍራ ማየትን የሚያስለምድ ትምህርት ነው። እንግዲህ አንባቢ የብራናውን ገጽ ያስታውስ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጥላ የለም፤ ሜዳው ቀለም ብቻ ነው፤ ቅዱሱ ሁለት ዓይኑ ታይቶ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ርቀትና ቅርበት እንደ ፎቶግራፍ አይለካም። አውሮፓውያን ከአምስት መቶ ዓመት የጥላና የጥልቀት ልማድ ጋር ታግለው የደረሱበትን ጠፍጣፋ የቀለም ሜዳ የአለቃ ደስታ ልጅ ከቤቱ ያውቀዋል። በእኔ ግምት ኮሎኝ ላይ ያገኘው ነገር ፍጹም ባዕድ አልነበረም። የሚያውቀውን ገጽ ምስሉ ወጥቶለት፣ ቀለሙና ስፍራው ብቻ ቀርተውለት ነው ያገኘው።

ሌላም ለእኛ ሙያ የቀረበ ነጥብ አለ። በጀርመን ዘመናዊ ሥዕል ውስጥ ሠዓሊና ጸሐፊ መሆን እንግዳ ነገር አልነበረም። የገብረ ክርስቶስ ሥራ ሲነሣ ስሙ አብሮ የሚነሣው ካንዲንስኪ ስለ ሥዕል መንፈሳዊነት የጻፈው መጽሐፍ በ1910ዎቹ መጀመሪያ ከመታተሙም በላይ፣ በዚያው ሰሞን ከእንጨት ቅርጽ ኅትመቶቹ ጋር ግጥሞቹን በአንድ መጽሐፍ አውጥቷል። ፓውል ክሌም ግጥም ይጽፍ ነበር። ሁለት ሙያ መያዝ «መባከን» ነው የሚል አስተያየት በዚያ አልነበረም፤ እኛ ዘንድ ግን ዛሬም ይሰማል።

ገብረ ክርስቶስ ትምህርቱን ጨርሶ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ አገሩ ተመለሰና በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ትምህርት ቤቱን በቺካጎ የተማረው ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ከመሠረተው ገና ጥቂት ዓመታት መሆኑ ነበር። በ1963 ሥዕሎቹን በአዲስ አበባ ለሕዝብ ሲያሳይ የተነሣው ክርክር በሥነ ጥበብ ታሪካችን ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ሰው የሚያውቀውን ነገር በሥዕሉ ውስጥ ፈልጎ አጣ፤ ያጣውንም የኢትዮጵያዊነት መጉደል ብሎ ጠራው።

ክርክሩን ለማብረድ ከዚያ ወዲህ የተሰጠ አንድ መልስ አለ። ረቂቅ ሥዕል ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም፤ ሰምና ወርቅ ያለን ሕዝብ ስለሆንን የተሰወረ ነገር መፈለግ ልማዳችን ነው የሚል ነው። መልሱ ደስ የሚል ቢሆንም የሚያሳስት ይመስለኛል። በቅኔ ወርቁ አለ፤ ተሰውሮ እንጂ ጠፍቶ አይደለም፤ ባለቅኔው ያውቀዋል፣ መምህሩ ይፈታዋል፣ ተማሪውም ያገኘዋል። «አረንጓዴ ረቂቅ» የተባለውን የ1966 ሥዕል ፊት ቆሞ ከአረንጓዴው በስተኋላ ያለውን ወርቅ የሚቆፍር ሰው ግን ምንም አያገኝም፤ ምክንያቱም የሚታየው አረንጓዴ ራሱ የሥዕሉ ጉዳይ ነው። ቅኔ ከሚታየው አልፈን እንድንሄድ ይጠይቀናል፤ ይህ ሥዕል ደግሞ ከሚታየው ላይ እንድንቆይ ይጠይቀናል። ሁለቱን አንድ ማድረግ ለሁለቱም አይበጅም።

ይልቁንስ በዚያው በ1963 የተሠራውን «ጎልጎታ» መመልከት ይሻላል። ርእሰ ጉዳዩ ከአባቱ ቤት የመጣ ነው፤ ስቅለት በማንኛውም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የምናየው ነው። አሣሣሉ ግን የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት አይከተልም። ሥርዓቱ ማን እንደተሰቀለ ይነግረናል፤ ሠዓሊው የያዘው መሰቀሉን ራሱን፣ የሥጋውን ሕመም ነው። ይህን ሥዕል ያየ ሰው ሠዓሊው ባህሉን ጥሎ ሄደ ለማለት የሚቸገር ይመስለኛል። ሄዶ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ዞሮ አይቶታል።

ከዚህ ወደ ግጥሙ ልሻገር። «ሀገሬ» ከአማርኛ ግጥሞች ሁሉ በቃል ከሚታወቁት አንዱ ነው። በትምህርት ቤት በዓላት፣ በሬዲዮ፣ በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስብሰባዎች ይነበባል። ብዙ ከመነበቡ የተነሣ አሠራሩን የሚመለከት ሰው አነሰ። እኔ ተማሪዎቼን በመጀመሪያ የማስቆጥራቸው ስንኙን ሳይሆን አንዲት ቃል ነው፤ «እዚያ» የምትለዋን። የአገር ፍቅር ግጥም ብዙውን ጊዜ «እዚህ» ላይ ቆሞ የሚናገር ነው፤ ይህች መሬት፣ ይህ ሰንደቅ ዓላማ ይላል። በ«ሀገሬ» የሚናገረው ሰው የቆመው በሌላ ስፍራ ነው። አገሩ ከፊቱ ራቅ ብላ እንደ አንድ ሸራ ተዘርግታለች፤ እሱም በጣቱ እየጠቆመ እዚያ ይህ አለ፣ እዚያ ያ አለ ይላል። አንድ ሠዓሊ ሥራውን ለማየት ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ እንደሚል ሁሉ፣ ግጥሙም የተሠራው ወደ ኋላ በማፈግፈግ ነው። ያ ማፈግፈግ ከአዲስ አበባ እስከ ራይን ወንዝ ዳር የሚደርስ ነበር።

የሚጠቁመውም ምን እንደሆነ ልብ ይሏል። ግጥሙ አገሩን በነገሥታት ስም ወይም በጦርነት ድል አይጀምርም፤ ውበትን፣ ፀሐይንና ቀለምን ያስቀድማል። ይህ የሠዓሊ ቅደም ተከተል ነው። ሌላ ቦታ «ከፀሐይ ብዙ ያልራቀ» በሚል ርእስ ሥዕል የሠራ ሰው አገሩን በፀሐይ በኩል ቢያስታውሳት የሚያስገርም አይሆንም። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዘመድ፣ ወደሚጠጣውና ወደሚበላው፣ በመጨረሻም ወደ አፈሩ የሚወርደው። በግጥሙ መዝጊያ ላይ ተናጋሪው ሲሞት ወደዚያው መሄድን፣ እናትና አባት ባረፉበት አፈር መግባትን ይመኛል። ተማሪዎች ይህን «ስሜታዊ» ይሉታል። እኔ የማየው ደግሞ ግጥሙ ሙሉውን ጊዜ በርቀት ከቆመ በኋላ ርቀቱን የሚዘጋው በአንድ መንገድ ብቻ፣ በሞት መሆኑን ነው። ይህ በጣም ጥብቅ አሠራር ነው።

ስለ ስንኝ አሠራሩም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የግጥም መድበሉ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ በ1998 ዓ.ም. ታትሟል፤ ደራሲው ካረፈ ከሃያ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። ርእሱን ብቻ እንየው። በተራ ንግግር «ሰፊ መንገድ ስጡኝ» እንላለን፤ ቅጽሉ ከስሙ ይቀድማል፣ ግሡም ዐረፍተ ነገሩን ይዘጋል። እዚህ ግን ዐረፍተ ነገሩ «ስጡኝ» ላይ ከተዘጋ በኋላ «ሰፊ» የሚለው ቃል በሩ ከተዘጋ በኋላ እንደደረሰ እንግዳ ውጭ ቀርቷል። እርግጥ ቃል ማዘዋወር ለአማርኛ ግጥም አዲስ አይደለም፤ ቤት ለመምታት ሲባል ሁሉም ገጣሚ ያደርገዋል። ሆኖም በዚህች ሐረግ ውስጥ የዝውውሩ ጥቅም ቤት መምቻ ከመሆን ያልፋል። ቃሉ ብቻውን ሲቀር በዙሪያው ባዶ ስፍራ ያገኛል፤ ስፋቱንም ከትርጉሙ ብቻ ሳይሆን ከተቀመጠበት ቦታ እናገኘዋለን። ገጽን እንደ ቁስና እንደ መጠን ማየት የተማረ ሰው እጅ እዚህ ላይ ይታየኛል። በመድበሉ ውስጥ ስንኞቹ እኩል ርዝመት ሳይኖራቸው፣ አንዳንዴ አንዲት ቃል ብቻዋን መስመር ይዛ የምትቆምበትም በዚሁ ምክንያት ነው። የጸጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ» እና የሰሎሞን ደሬሳ «ልጅነት» የአማርኛን ግጥም ከየወል ቤት ልማድ ሲያላቅቁ፣ አንደኛው ከመድረክ ድምፅ፣ ሁለተኛው ከንግግርና ከሐሳብ ነፃነት ተነሥተው ነው። ገብረ ክርስቶስ የተነሣው ከዓይን ነው። በትምህርት መጻሕፍታችን ይህ ልዩነት በግልጽ ተቀምጦ አላየሁትም።

በዘመኑ የነበረው ሌላው ታላቅ ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ለንደንና ፓሪስ ተምሮ በ1966 ሲመለስ በዚያው ትምህርት ቤት የገብረ ክርስቶስ ባልደረባ ሆነ። የሁለቱ መንገድ ግን ይለያያል። እስክንድር በፓሪስ የአፍሪካን ጥንታዊ ምልክቶችና የሕልም ዓለም ፈልጎ ያገኘ፣ ክታብንና ጥልፍ ሐረግን ወደ ሸራው ያመጣ ሰው ነው፤ ተመልካች አንድ የሚያውቀውን ምልክት ይዞ ሊገባበት ይችላል። ጥቂት ዓመታት ብቻ አስተምሮም ወደ አሜሪካ ሄዶ ቀሪ ዘመኑን በአብዛኛው በዋሽንግተን፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህርነት አሳለፈ። ገብረ ክርስቶስ እንዲህ ያለ መግቢያ በር አላዘጋጀም፤ ነገር ግን አሥራ አምስት ዓመት ያህል አዲስ አበባ ተቀምጦ አስተማረ። አገሩን በሥዕሉ አላሳየም ተብሎ የተወቀሰው ሰው በአካል ከብዙዎቹ የበለጠ ቆይቷል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በ1965 በሥነ ጥበብ ሲሸልመው ክርክሩ ባያበቃም ሥራው ቢያንስ በይፋ ቦታ አገኘ።

ከ1974 አብዮት በኋላ ከሥነ ጥበብ የሚጠበቀው ነገር ተለወጠ። ፖስተር፣ የተጨበጠ ክንድና የሚታወቅ ፊት የሚፈለግበት ዘመን መጣ። በኮሎኝ የሚታወቅ ቅርጽን ትእዛዝ ያደረገ መንግሥት ትቶት ባለፈው ፍርስራሽ መካከል የተማረ ሰው፣ በራሱ አገር ያንኑ የመሰለ ጥያቄ ሲቀርብ ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም። በ1970ዎቹ መጨረሻ አገር ጥሎ ወጣ። ጀርመን ከቆየ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በኦክላሆማ ክፍለ ግዛት፣ ሎውተን በምትባል ከተማ በ1981 ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ዐረፈ። የተቀበረውም በዚያው ነው።

«እዚያ» የሚለው ቃል በዚህ ጊዜ ለአንባቢው ክብደቱን ይለውጣል። ግጥሙ ሲጻፍ ተናጋሪው የሚመለስ ተማሪ ነው፤ ርቀቱ የትምህርት ርቀት ነው። ገጣሚው ካረፈ በኋላ ያነበበው ሁሉ ግን በግጥሙ መዝጊያ ያለው ምኞት እንዳልተፈጸመ ያውቃል። ይህን ዕውቀት ከግጥሙ ትንታኔ ለይተን እንድናስቀምጥ ተማሪዎቼን አስጠነቅቃቸዋለሁ፤ ገጣሚው ስለ ሎውተን አልጻፈም። ማስጠንቀቂያውን ራሴ ሁልጊዜ እንደማልጠብቀው ግን ከላይ የጻፍኩት ይመሰክርብኛል።

ጀርመን አገር ተጠብቀው ከቆዩት ሥዕሎቹ ብዙዎቹ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በስሙ የተሰየመው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል በ2008 ተከፍቷል። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ «ሀገሬ»ን የማስተምረው ተማሪዎቹን አስቀድሜ ሥዕሎቹን እንዲያዩ ከላክሁ በኋላ ነው። የምሰጣቸው የቤት ሥራ አንድ ነው፤ አንድ ሥዕል መርጠው መጀመሪያ ከቅርብ፣ ቀጥሎ ከአሥር እርምጃ ርቀት እንዲያዩትና በሁለቱ መካከል የተለወጠውን እንዲጽፉ። የሚያመጡት ወረቀት ብዙውን ጊዜ ስለ ሥዕሉ የተጻፈ ነው። አንዳንዱ ግን ሳይታዘዝ ስለ ግጥሙ ጽፎ ይመጣል።